ሌዘር ርቀት መለኪያ ስትገዙ፦ ከጎንደር ወደ ሰሜን ተራሮች ለሚወጣ ሰው ዝርዝር መመሪያ

ሳጥኑ ላይ 1,000 ሜትር ይላል። ሰሜን ተራሮች ውስጥ ጨነቅ ላይ ቆማችሁ 400 ሜትር ርቃ የምትግጥ ዋልያ ላይ ስታነጣጥሩት ግን ሰረዝ ብቻ ያሳያል። ደግማችሁ ትጫናላችሁ፤ አሁንም ሰረዝ። ከዚያ "ፌክ ነው የሸጡልኝ" ይመጣል። አንዳንዴ እውነት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ዕቃው ጤነኛ ነው፤ የተሠራው ለሌላ ሥራ ነው።

ይህ መመሪያ ለሦስት ዓይነት ሰው ነው፦ ቱሪስት ይዞ ለሚወጣ አስጎብኚ፣ ለዱር እንስሳት ቆጠራ ለሚሰማራ ተማሪ ወይም ባለሙያ፣ የገደል ማዶን ርቀት ሳይሻገር ማወቅ ለሚፈልግ የመስክ ሠራተኛ። ዕቃው ውድ ነው። አብዛኛው ከውጭ በሰው በሰው ስለሚመጣ መመለስም ከባድ ነው። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ጊዜ ወስዳችሁ አጣሩ።

## ደረጃ 1፦ የምትለኩትን ነገር ጻፉ

ሱቅ ከመግባታችሁ ወይም ለሚልክላችሁ ሰው ከመደወላችሁ በፊት ወረቀት ያዙ። እነዚህን መልሱ።

1. የምለካው ምንድን ነው? ዋልያ፣ ጭላዳ፣ ዛፍ፣ የገደል ግንብ ወይስ የቤት ግድግዳ?
2. አዘውትሬ የምለካው ርቀት ስንት ነው? አንድ ጊዜ ያጋጠማችሁን ረጅሙን ርቀት ተዉት። በየቀኑ የሚያጋጥማችሁን ጻፉ።
3. በየትኛው ሰዓት? ጠዋትና ማታ ወይስ እኩለ ቀን?
4. የምፈልገው ቀጥታውን ርቀት ነው ወይስ አግድሙን? ቁመትስ?
5. ስንት ሜትር ብሳሳት ሥራዬ ይበላሻል? 1 ሜትር? 10 ሜትር? ወይስ 10 ሴንቲ ሜትር?

አምስተኛው ጥያቄ ላይ ቆም በሉ። ለአስጎብኚ 5 ሜትር ስህተት ምንም አይደለም። ለቆጠራ 1 ሜትር ይበቃል። ለግንባታ ሥራ ግን 1 ሜትር ስህተት አደጋ ነው። ሥራችሁ ሴንቲ ሜትር የሚጠይቅ ከሆነ የምትፈልጉት ሌላ ዕቃ ነው።

## ደረጃ 2፦ አራቱን ዓይነቶች ለዩ

ሻጮች ሁሉንም "ሌዘር ሜትር" ይሏቸዋል። አንድ ዓይነት ግን አይደሉም።

የግንባታ ሌዘር። ቀይ ወይም አረንጓዴ ነጥብ ግድግዳ ላይ የሚያሳርፈው ነው። ቤት ውስጥ በሚሊ ሜትር ይለካል። ፀሐይ ላይ ግን ነጥቡ ዓይን ላይ ይጠፋል፤ አብዛኛውም ከጥቂት አሥር ሜትሮች በላይ አይሄድም። የቤት ዕቃ ሠሪና ኮንትራክተር ይግዛው። ለመስክ አትግዙት። በርካሽ ስለሚገኝ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

የጎልፍ መለኪያ። በዓይን እያያችሁ የምትለኩበት፣ የሚያቀርብ ሌንስ ያለው ነው። ከፊት ያለችውን ትንሽ ነገር (የጎልፍ ባንዲራዋን) እንዲይዝና ከኋላ ያለውን ዛፍ እንዲተው ተደርጎ ተሠርቷል። ከአስታ ቁጥቋጦ ኋላ የቆመ እንስሳ ስትለኩ ቁጥቋጦውን ያነብላችኋል።

የመስክ መለኪያ። ለአዳኞችና ለተፈጥሮ ተመልካቾች የሚሠራው ነው። ከፊት ያለውን ቅጠልና ሣር ትቶ ከኋላ ያለውን ትልቅ ነገር እንዲያነብ ማዘዝ ይቻላል። አብዛኞቻችሁ የምትፈልጉት ይህን ነው።

የደን መለኪያ። ርቀትም፣ አግድምም፣ ቁመትም፣ ማዕዘንም ያወጣል። የኒኮን ፎረስትሪ ፕሮ የዚህ ዓይነት ነው። የዛፍ ወይም የገደል ቁመት ሥራችሁ ከሆነ ዋጋውን ችላችሁ ይህን ውሰዱ።

ባይኖኩላር ውስጥ የተገጠመም አለ። ሁለት ዕቃ ከመሸከም ያድናል፤ ዓይንም ያሳርፋል። ዋጋው ግን ውድ ነው፤ ከተበላሸም ሁለቱን አንድ ላይ ታጣላችሁ። መጀመሪያ ለሚገዛ ሰው አልመክረውም።

## ደረጃ 3፦ ሳጥኑ ላይ ያለውን ቁጥር በትክክል አንብቡ

ሰው ሁሉ የሚወድቀው እዚህ ስለሆነ ቀስ ብላችሁ ሂዱ።

መሣሪያው የማይታይ የሌዘር ብልጭታ ይልካል። ብልጭታው ነገሩን መትቶ ይመለሳል። መሣሪያው ለመሄድና ለመመለስ የፈጀውን ጊዜ ቆጥሮ ርቀቱን ያሰላል። ብርሃን በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ ለአንድ ሜትር ደርሶ መልስ የሚፈጀው ከ7 ናኖ ሰከንድ ያነሰ ነው። ጨረሩ ካልተመለሰ ግን የሚቆጠር ነገር የለም። ሰረዙ የሚመጣው ያኔ ነው።

ስለዚህ ርቀቱን የሚወስነው የምትለኩት ነገር ብርሃን የመመለስ አቅም ነው። ነጭ የተቀባ ግድግዳና የመንገድ ምልክት ብዙ ይመልሳሉ። ጥቁር ድንጋይ፣ እርጥብ ቅጠልና የእንስሳ ፀጉር ብዙውን ይውጡታል። ሳጥኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ቁጥር የተለካው አንጸባራቂ ነገር ላይ ነው። ዋልያ ላይ አይደለም።

እንዲህ አድርጉ።

1. ትልቁን ቁጥር እርሱት። መመሪያ ወረቀቱ ውስጥ ሦስት ቁጥር ፈልጉ፦ ለአንጸባራቂ፣ ለዛፍ፣ ለአጋዘን። ለእናንተ የሚጠቅመው የአጋዘኑ ነው።
2. የአጋዘን ቁጥር ካልተጻፈ ትልቁን ለሦስት አካፍሉ። ለዛፍና ለድንጋይ ለሁለት አካፍሉ። ይህ የፋብሪካ ሕግ አይደለም፤ እንዳትከስሩ የሚጠብቅ የመስክ ግምት ነው።
3. የወጣውን ቁጥር በደረጃ 1 ከጻፋችሁት ርቀት ጋር አስተያዩ። ካነሰ ተዉት።

ምሳሌ፦ ጭላዳና ዋልያ እስከ 500 ሜትር መለካት ትፈልጋላችሁ እንበል። በዚህ ስሌት ሳጥኑ ላይ 1,500 ሜትር የሚል ዕቃ ያስፈልጋችኋል። "1,000 ሜትር ይበቃኛል" ያለ ሰው 350 ሜትር አካባቢ ላይ መቸገር ይጀምራል።

ሜትር ነው ያርድ? ብዙ ዕቃ የሚመጣው ከአሜሪካ ገበያ ነው፤ ቁጥሩም በያርድ ነው። አንድ ያርድ 0.9144 ሜትር ነው። 1,000 ያርድ ማለት 914 ሜትር ማለት ነው። ሜኑው ወደ ሜትር የማይቀየር ከሆነ አትግዙት። መስክ ላይ አንዱ በያርድ፣ ሌላው በሜትር መዝግቦ የአንድ ሳምንት መረጃ ሊበላሽ ይችላል።

ስክሪን ላይ ያለ ነጥብ ትክክለኛነት አይደለም። 347.2 ብሎ የሚያሳይ ዕቃ እስከ 1 ሜትር ሊሳሳት ይችላል። መመሪያው ውስጥ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበትን መስመር ፈልጋችሁ አንብቡ። እውነተኛው ቁጥር እሱ ነው።

## ደረጃ 4፦ የጨረሩን ስፋት ጠይቁ

ሻጭ ይህን ስትጠይቁት ብዙ ጊዜ ዝም ይላል። እናንተ ግን ፈልጉት።

ጨረሩ እየራቀ ሲሄድ እየሰፋ ነው የሚሄደው። ስፋቱ የሚጻፈው በሚሊራዲያን ነው። 1 ሚሊራዲያን ማለት 100 ሜትር ላይ 10 ሴንቲ ሜትር፣ 1,000 ሜትር ላይ 1 ሜትር ማለት ነው። የጨረሩ ቅርጽም ብዙ ጊዜ ክብ ሳይሆን ረዘም ያለ አራት ማዕዘን ነው።

ለምን ይጠቅማል? ጓሳ ላይ ቁጭ ብላ ሣር የምትነቅል ጭላዳ ከ60 ወይም 70 ሴንቲ ሜትር አትበልጥም። የጨረራችሁ ስፋት 3 ሚሊራዲያን ከሆነ 500 ሜትር ላይ 1 ሜትር ተኩል ይሆናል። ግማሹ ጭላዳዋን ያልፋል። ከኋላዋ ሜዳ ካለ ችግር የለም፤ ሁለት ሦስት ሜትር ነው የሚሳሳተው። ገደል ጫፍ ላይ ከተቀመጠች ግን ያመለጠው ጨረር ማዶ ያለውን ግድግዳ መትቶ ይመለሳል። ስክሪኑ 500 ሳይሆን 1,100 ይላል። የሰሜን ተራሮች እንስሳ ደግሞ ገደል ጫፍ ይወዳል።

- ለእንስሳት፦ ከ1.5 ሚሊራዲያን ያልበለጠ ፈልጉ።
- ለገደል፣ ለቤትና ለትልቅ ዛፍ፦ ሰፊውም ይሠራል።
- ስፋቱ ወርድና ቁመት ተብሎ በሁለት ቁጥር ከተጻፈ በትልቁ ፍረዱ።

## ደረጃ 5፦ ማዕዘን የሚለካ መሆኑን አረጋግጡ

በዚህ አገር ሜዳ ለሜዳ የምትለኩት ጥቂት ነው። ወይ ወደ ታች ታያላችሁ ወይ ወደ ላይ። መሣሪያው የሚያነበው ከዓይናችሁ እስከ ነገሩ ያለውን ቀጥታ መስመር ነው። ካርታ ላይ ያለው ርቀት ደግሞ አግድሙ ነው። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም።

ቀጥታው 400 ሜትር ሲሆን፦

- በ10 ዲግሪ አግድሙ 394 ሜትር፣ የከፍታ ልዩነቱ 69 ሜትር
- በ20 ዲግሪ አግድሙ 376 ሜትር፣ የከፍታ ልዩነቱ 137 ሜትር
- በ30 ዲግሪ አግድሙ 346 ሜትር፣ የከፍታ ልዩነቱ 200 ሜትር
- በ45 ዲግሪ አግድሙም ከፍታውም 283 ሜትር

ማዕዘን የሚለካ ዕቃ ይህን ራሱ አስልቶ ያወጣል። ስትገዙ ቀጥታውንና አግድሙን ለየብቻ የሚያሳይ መሆኑን አረጋግጡ። አንዳንዱ የጎልፍ ዕቃ "የተስተካከለ ርቀት" ብሎ ለኳስ ምት የሚሆን የራሱን ስሌት ይሰጣል። እሱ አግድም አይደለም። ለመረጃ አትመዝግቡት።

ውኃ ከምንጭ ወደ መንደር ለመሳብ የከፍታ ልዩነት ለምትለኩ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። 400 ሜትር ላይ የ1 ዲግሪ ስህተት ከፍታውን በ6 እስከ 7 ሜትር ያዛባል። ለመጀመሪያ ግምት ተጠቀሙበት። ለቧንቧ ዲዛይን ግን የቀያሾችን መሣሪያ፣ ሌቭል ወይም ቶታል ስቴሽን፣ አስመጡ። በዚህ መለኪያ ብቻ ተማምኖ ቧንቧ መቅበር የሰው ገንዘብ መቅበር ነው።

## ደረጃ 6፦ ሌንስ፣ ስክሪንና ባትሪ

ሌንስ። 6 በ21 ከተባለ 6 እጥፍ ያቀርባል፤ የፊት ሌንሱ 21 ሚሊ ሜትር ነው። 6 ወይም 7 እጥፍ ለእጅ ይበቃል። ከ8 በላይ ሲሆን እጅ ሲንቀጠቀጥ ምስሉ ይዘላል፤ ትራይፖድ ይፈልጋል። መነጽር የምታደርጉ ከሆነ የዓይን ጎማው የሚታጠፍ መሆኑን እዩ።

ስክሪን። ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ ጥቁር ጽሑፍ ነው፤ ሌላው ቀይ የሚያበራ። ጥቁሩ ቀን ላይ ጥሩ ነው፤ ባትሪም አይበላም። ንጋት ላይ ጥቁር ገደል ላይ ስታነጣጥሩ ግን ቁጥሩ አይታይም። እንስሳቱ የሚንቀሳቀሱት ጠዋትና ማታ ስለሆነ ቀዩን ውሰዱ፤ ብርሃኑ የሚጨምርና የሚቀንስ ይሁን።

ባትሪ። ብዙዎቹ የሚሠሩት ሲአር 2 በሚባል ባለ 3 ቮልት አጭር ባትሪ ነው። በየኪዮስኩ የሚሸጠው የሪሞት ባትሪ አይተካውም። ዕቃውን ስታስመጡ ትርፍ ባትሪ አብራችሁ አስመጡ። በዩኤስቢ የሚሞላ ካገኛችሁ ለካምፕ ይመቻል፤ ፓወር ባንክ ይበቃችኋል።

ውኃ የሚቋቋም መሆኑም ይጻፍበት። ክረምት ላይ ጉሙ ብቻውን ያርሰዋል።

## ደረጃ 7፦ ወረቀታችሁን አስቀድማችሁ ጨርሱ

ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው ዕቃውን ሳይጠቀምበት ሊያጣው ይችላል።

1. ጉምሩክ። አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ያለፈቃድ ሲገባ አየር ማረፊያ ላይ ይያዛል። ሌዘር መለኪያም ሌንስ ስላለው በዚያው ዓይን ይታያል። ሰው በሻንጣ እንዲያመጣላችሁ ከመላካችሁ በፊት ጉምሩክን ጠይቁ። "ትንሽ ናት፣ አይታይም" የሚላችሁን አትስሙ።
2. የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ። ተማሪ ከሆናችሁ ከትምህርት ክፍላችሁ፣ ሠራተኛ ከሆናችሁ ከድርጅታችሁ ማኅተም ያለው ደብዳቤ ያዙ። የዕቃው ስም፣ ሞዴልና መለያ ቁጥር ይጻፍበት።
3. ፓርክ። ደባርቅ ያለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ስትመዘገቡ ዕቃውን አሳዩ፤ ለምን እንደያዛችሁት ተናገሩ። አብሯችሁ ለሚወጣው ስካውትም (የፓርክ ጠባቂ) አሳዩት። አንዴ አጮልቆ ካየበት በኋላ እሱ ራሱ እንስሳ ይጠቁማችኋል።
4. በመንገድ። ኬላ ላይ ፍተሻ ካለ ዕቃውን ከነደብዳቤው ቀድማችሁ አውጡ። ወደ ወታደር፣ ወደ ፖሊስ፣ ወደ ካምፕ፣ አዘዞ ወዳለው አየር ማረፊያ በፍጹም አታነጣጥሩ። "እንስሳ ነው የምለካው" የሚል መልስ እዚያ አይሠራም። መንገዱ ሰላም መሆኑንም ከመውጣታችሁ በፊት አረጋግጡ።

## ደረጃ 8፦ ከመክፈላችሁ በፊት ፈትሹ

የ50 ሜትር ቴፕ ያዙ። ከሌላችሁ ከግንባታ ሠራተኛ ተዋሱ። ሻጩን በትሕትና "ወንድሜ፣ ውጪ አውጥቼ ልሞክረው፤ መታወቂያዬን ያዝልኝ" በሉት። እምቢ ካለ አመስግናችሁ ውጡ።

1. ሌንሱን ወደ ሰማይ (ወደ ፀሐይ ሳይሆን) አድርጋችሁ እዩ። ጭረት፣ ሻጋታ ወይም ውስጥ የገባ አቧራ ካለ ተዉት።
2. የዓይን ሌንሱን ቀለበት አዙሩ። መጀመሪያ የስክሪኑ ቁጥር ጥርት ይበል። ይህን የሚዘሉ ሰዎች "ምስሉ ድፍን ነው" ብለው ጥሩ ዕቃ ይመልሳሉ።
3. ሜኑ ገብታችሁ ወደ ሜትር ቀይሩ። አጥፍታችሁ አብሩ። አሁንም ሜትር መሆኑን እዩ።
4. በቴፕ 50 ሜትር ለኩ። ግድግዳ ላይ አምስት ጊዜ አንብቡ። አምስቱም በ1 ሜትር ውስጥ መሆን አለባቸው።
5. ቴፑን ሁለት ጊዜ ዘርግታችሁ በ100 ሜትር ድገሙት። 50 ላይ 55፣ 100 ላይ 109 የሚል ከሆነ ዕቃው በያርድ እየለካ ነው። ወደ ቁጥር 3 ተመለሱ።
6. አሁን ጥቁር ነገር ፈልጉ፤ ጥቁር ድንጋይ ወይም ጠቆር ያለ የዛፍ ግንድ። 200 ሜትር ላይ ካላነበበ 500 ላይ እንስሳ አያነብም።
7. ከፊት ቅጠል፣ ከኋላ ግድግዳ ያለበት ቦታ ቁሙ። የቅርብና የሩቅ ሞዱን (ከፊት ያለውን ወይም ከኋላ ያለውን አንብብ የሚለውን ምርጫ) እየቀያየራችሁ ለኩ። ሁለት የተለያየ ቁጥር መስጠት አለበት።
8. ቁልፉን ተጭናችሁ ይዛችሁ ከቅርብ ወደ ሩቅ ቀስ ብላችሁ አዙሩት። ቁጥሩ እየተከተለ መቀየር አለበት።

ረጅሙን ርቀት ለመፈተን ጎሐ ተራራ ላይ ውጡ። ከተማው ከታች ተዘርግቶ ይታያል። ከመውጣታችሁ በፊት በስልካችሁ ጉግል ኧርዝ ላይ ከምትቆሙበት ቦታ እስከ አንድ ግልጽ ሕንጻ ያለውን ርቀት ለኩ። ቤተ ክርስቲያን፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም የሰው መኖሪያ ግቢ አትምረጡ፤ ክፍት ቦታ ያለ ትልቅ ዛፍ ወይም ድንጋይ ይሻላል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ጉግል ኧርዝ የሚሰጣችሁ አግድሙን ነው። ከተራራ ላይ ወደ ታች ስለምትለኩ የመሣሪያው ቀጥታ ንባብ ከሱ መብለጥ አለበት። ማስተያየት ያለባችሁ አግድሙን ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ትክክለኛውን ዕቃ "ይዋሻል" ብሎ ይመልሳል።

## ደረጃ 9፦ መስክ ላይ እንዲህ ለኩ

ጥሩ ዕቃ በመጥፎ አያያዝ ይከሽፋል። ይህን ቅደም ተከተል ልማድ አድርጉት።

1. ተቀመጡ። ቆሞ መለካት ለ200 ሜትር ነው። ከዚያ በላይ ክርናችሁን ጉልበታችሁ ላይ አሳርፉ፣ ወይም መለኪያውን ድንጋይ ላይ በተጣጠፈ ጋቢ ላይ አስደግፉ።
2. መጀመሪያ በባይኖኩላር ፈልጉ። የመለኪያው እይታ ጠባብ ስለሆነ በሱ እንስሳ መፈለግ ዓይን ያደክማል።
3. ሞዱን ምረጡ። ከፊት ጓሳ ወይም አስታ ካለ ሩቁን። እንስሳዋ ገደል ጫፍ ላይ ከሆነች ቅርቡን።
4. ነጥቡን የጎኗ ሰፊ ቦታ ላይ አድርጉ። እግርና ቀንድ ላይ አይደለም።
5. ትንፋሻችሁን ግማሹን አውጡ፣ ያዙ፣ ቁልፉን በቀስታ ተጫኑ። ጠንክሮ መጫን ነጥቡን ያንሸራትተዋል።
6. ሦስት ጊዜ ለኩ። ሁለቱ ከተስማሙ እሱን መዝግቡ። ሦስቱም ከተለያዩ ምንም አትመዝግቡ፤ ነጥባችሁ እየሳተ ነው።
7. ስትመዘግቡ ርቀቱን፣ ቀጥታ ወይም አግድም መሆኑን፣ ማዕዘኑን፣ ሰዓቱንና የቆማችሁበትን የጂፒኤስ ነጥብ ጻፉ።

ለቆጠራ መስመር ይዛችሁ የምትሄዱ አንድ ተጨማሪ ሥራ አለባችሁ። የሚፈለገው ከእናንተ እስከ እንስሳው ያለው አይደለም፤ ከመስመሩ እስከ እንስሳው ያለው ቀጤ ነክ (ከመስመሩ ጋር 90 ዲግሪ የሚሠራው) ርቀት ነው። በኮምፓስ በመስመራችሁና በእንስሳው መካከል ያለውን ማዕዘን ውሰዱ። አግድሙን ርቀት በማዕዘኑ ሳይን አባዙ። አግድሙ 300 ሜትር፣ ማዕዘኑ 40 ዲግሪ ከሆነ ቀጤ ነኩ 193 ሜትር ነው። መንጋ ከሆነ የመንጋውን መሐል ለኩ። እንስሳቱ እናንተን አይተው ሳይርቁ መጀመሪያ ያያችሁበትን ቦታ ነው የምትለኩት። ዘግይታችሁ ከለካችሁ የምታገኙት የሽሽታቸውን ርቀት ነው።

ለዓይን ጥንቃቄ። መለያ ጽሑፉ ላይ "ክላስ 1" (ለዓይን አደጋው ዝቅተኛ የሆነው የሌዘር ደረጃ) የሚል ዕቃ ግዙ። ቢሆንም በቅርብ ወዳለ ሰው ዓይን አታነጣጥሩ። ባይኖኩላር ይዞ ወደ እናንተ የሚያይ ሰው ካለ ቁልፉን አትጫኑ። ፀሐይን በሌንሱ ማየት ዓይን ያጠፋል።

## ሳይሠራ ሲቀር

ሰረዝ ብቻ ያሳያል። ሰዓቱን እዩ። እኩለ ቀን ላይ ጠንካራ ፀሐይ የሚመለሰውን ደካማ ብልጭታ ይውጠዋል። ያው ዕቃ፣ ያው እንስሳ፣ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሊያነብ ይችላል። መጠበቅ ካልቻላችሁ እንስሳዋን ተዉና አጠገቧ ያለውን ነገር ለኩ፦ ጅብራ፣ ነጣ ያለ ድንጋይ፣ ቀጥ ያለ አፈር። ከሷ ጋር እኩል ርቀት ላይ ያለ ነገር መምረጣችሁን በባይኖኩላር አረጋግጡ። ይህ ዘዴ ብዙ ቀን ያድናል።

20 ወይም 30 ሜትር ይላል። ከፊታችሁ ሣር አለ፤ ወይም ጉም እያነበበ ነው። ሩቁን ሞድ ምረጡ፤ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ሂዱ። ጉም ከሆነ ግን ምንም ሞድ አያድናችሁም። ጉም ሌዘሩን ይበትነዋል። ቁጭ ብላችሁ ጠብቁ።

ከሚጠበቀው በጣም የበዛ ቁጥር። ጨረሩ አልፎ ማዶውን መትቷል። ቅርቡን ሞድ ምረጡ። ካልሆነ የተቀመጠችበትን የገደል ጫፍ አፈር ለኩ።

ሁልጊዜ ትንሽ ወደ ግራ ወይም ወደ ላይ ስትሉ ብቻ ያነባል። የስክሪኑ ነጥብና ጨረሩ አልተጋጠሙም። ብቻውን የቆመ የመብራት እንጨት 100 ሜትር ላይ ፈልጉ። ከኋላው ሰማይ ብቻ ይሁን። ነጥቡን ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ ብላችሁ አንሸራትቱና ንባብ የሚጀምርበትንና የሚያልቅበትን አስተውሉ። እኩል ካልሆነ ወደየት እንደሚያዘነብል ጽፋችሁ ዕቃው ላይ ለጥፉ። ራሳችሁ አትፍቱት፤ ከተፈታ ውኃ መቋቋሙም ያበቃል።

ጠዋት አይነሳም። ሳንቃበር 3,250 ሜትር፣ ጨነቅ ከ3,600 ሜትር በላይ ላይ ናቸው፤ ሌሊቱ በጣም ይበርዳል። ብርድ የባትሪን ጉልበት ይቀንሳል። ባትሪውን አውጥታችሁ ብብታችሁ ሥር አሥር ደቂቃ ያዙት፤ መልሳችሁ አስገቡ። ከነገ ጀምሮ ባትሪውን ከእናንተ ጋር ብርድ ልብስ ውስጥ አሳድሩት።

ሌንሱ እንፋሎት ያዘ። ከብርድ ወጥቶ እሳት ወዳለበት ጎጆ በመግባቱ ነው። ከውጭ ከሆነ በራሱ ይጠፋል፤ በልብስ አትጥረጉት። ከውስጥ ከሆነና በማግስቱም ካለ ማሸጊያው ተበላሽቷል። ዋስትናውን አውጡ።

ሌንሱ ላይ አቧራ። ከደባርቅ በላይ ያለው መንገድ አቧራ ነው፤ በነጠላ ጫፍ የመጥረግ ፈተናው ትልቅ ነው። መጀመሪያ በጎማ መንፊያ ወይም በለስላሳ ብሩሽ አራግፉ። ከዚያ በኋላ ብቻ በሌንስ ጨርቅ ጥረጉ። አቧራውን ሳታራግፉ ከጠረጋችሁ አሸዋው የሌንሱን ሽፋን ይጭረዋል፤ ያን ጊዜ ጥገና የለውም።